ሙቀቱ የት ይሄዳል? ከአዳራሽ ሙሉ ኮምፒዩተር እስከ እጅ ስልክ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስታነቡ፣ «የታሪክ መምህር ስለ ስልክ መጋል ምን አገባው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ስልክ ፈትቼ መግጠምም አልችልም። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የሙያዬ መሣሪያ በእጄ ላይ መክሸፉ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር ወደ መተማ ቆላ ወርጄ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ አዛውንት፣ በጠረፉ ላይ ስለነበረው የነጋዴ መንገድና ስለ ቀረጥ ኬላዎች ከአባታቸውና ከአያታቸው የሰሙትን ሊነግሩኝ ፈቅደውልኝ ነበር። ዳስ ሥር ተቀመጥን። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ከፊታቸው ባለች የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ባትሪው እንዳያልቅ ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘሁት። ወፍራም የቆዳ ከቨር ለብሷል። ስንጀምር ጥላ የነበረው ቦታ እኛ ስንጫወት ፀሐይ ገብቶበት ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔ አዛውንቱ ላይ ስለነበረ አላስተዋልሁም።

አዛውንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተናገሩ። ስንጨርስ ስልኩን ባነሣው እጄን ለበለበኝ። ጠፍቷል። ሾፌራችን ደግነት አስቦ የታሸገ ውኃ ከበረዶ ጋር ወደያዝንበት ማቀዝቀዣ ሣጥን ከተተው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሣ፤ እኛም ደስ አለን። ማታ ግን የካሜራው መስታወት ከውስጥ ላበ፤ በሳምንቱ ስልኩ ጨርሶ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ማውጣት የቻልሁት ቅጂ 34 ደቂቃ ብቻ ነበር። በስልኩ ተማምኜ ስለነበረ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የቀሩት ጥቂት ስሞችና ግማሽ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ አዛውንቱ አርፈዋል።

በዚያ ቀን የሠራሁት ስሕተት አንድ ብቻ አልነበረም፤ ዐራት ወይም ዐምስት ነበር። ለምን ስሕተት እንደሆነ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ ሄጄ የዚህን ዕቃ ታሪክ ማንበብ ነበረብኝ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያንን ንባብ ነው። የማስረዳው ሐሳብም ይህ ነው፦ የኮምፒዩተር ታሪክ ብዙ ጊዜ የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይተረካል፤ ከሥሩ ያለው ግን ሙቀትን ወዴት እናስወጣው የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። ስልካችን የዚያ ጥያቄ የመጨረሻ መልስ ነው፤ መልሱም ያልተሟላ ነው። በንግግሬ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሕጉ

የነገሩ መነሻ ስልክ ከመታሰቡ እጅግ የቀደመ ነው። በእንግሊዝ አገር በሳልፎርድ የሚኖር የቢራ ጠማቂ ልጅ፣ ጄምስ ፕሬስኮት ጁል፣ በ1841 ባሳተመው ጥናት በሽቦ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያመነጨው ሙቀት በምን መጠን እንደሚጨምር አሳየ። ሽቦውን ውኃ ውስጥ አስገብቶ የውኃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካ ነበር። የደረሰበት ሕግ ቀላልና ጨካኝ ነው፤ የሽቦው ተቃውሞ ሳይለወጥ ፍሰቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ ዐራት እጥፍ ይሆናል። ፍሰቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ዛሬ «ፈጣን ቻርጀር» የምንለው ዕቃ ስልኩን ለምን እንደሚያግል የሚጠይቀኝ ተማሪ ቢኖር መልሱ በከፊል በዚያ የቢራ ጠማቂ ልጅ ሥራ ውስጥ ነው። ብዙ ኃይል በአጭር ጊዜ ወደ ባትሪው ሲገባ ከሚገባው ላይ የተወሰነው ሁልጊዜ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኃይል አይጠፋም፤ መልኩንና ቦታውን ይለውጣል እንጂ። ስልኩ የበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ፣ በብርሃን፣ በድምፅና በሬዲዮ ሞገድ ከሚወጣው ጥቂት ክፍል በቀር፣ እዚያው በእጃችን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም ጠለቅ ያለ ነገር አለ። በ1961 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ሮልፍ ላንዳወር መረጃን መደምሰስ በራሱ ሙቀት እንደሚያስከትል በንድፈ ሐሳብ አስረዳ። አንዲት ቢት ለማጥፋት፣ መሣሪያው ምንም ያህል ፍጹም ቢሆን፣ ወደ አካባቢው የሚወጣ የተወሰነ አነስተኛ ሙቀት አለ። በ2012 የታተመ የላቦራቶሪ ሙከራም ይህንን አጸናው። መሣሪያዎቻችን የሚያመነጩት ሙቀት ከዚያ ወለል እጅግ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ስለሆነ ስልካችን የሚግለው በላንዳወር ምክንያት አይደለም። ቢሆንም ለታሪክ ሰው የሚገርም ሐሳብ ነው፤ ማስታወስ ብቻ ሳይሆን መርሳትም በተፈጥሮ ሕግ ፊት ዋጋ ይከፈልበታል ማለት ነውና።

አዳራሹ

አሁን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እንሻገር። በየካቲት 1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 18,000 ገደማ የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት። ክብደቱ 30 ቶን ያህል፣ የሚፈጀው ኃይል ወደ 150 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ነበር። የቫኩም ቱቦ በአሠራሩ እንደ አምፖል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው ክር ሲግል ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሙቀት የሥራው ቅድመ ሁኔታም የሥራው ጠላትም ነበር። አዳራሹ ውስጥ አየር የሚነዱ ትልልቅ ማራገቢያዎች ነበሩ፤ ማሽኑ ከሚበላው ኃይል ከፊሉ እነርሱን ለማንቀሳቀስ ይውል ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ማሽኑን የሚያቆም ቴርሞስታት ተገጥሞለት ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉልኝ። ስልካችሁ ፀሐይ ላይ ቆይቶ «ሙቀቱ ስለጨመረ ይቀዘቅዝ ዘንድ ይጠብቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ብዙዎቻችን «ተበላሸ» እንላለን። በመተማ እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው። የስልኬ መጥፋት ግን ብልሽት አልነበረም፤ በኤኒያክ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ቴርሞስታት የልጅ ልጅ ሥራውን ሲሠራ ነው ያየሁት። የተበላሸው ከዚያ በኋላ፣ እኛ «ስናድነው» ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪ ባርዲን፣ ብራቴይንና ሾክሊ ትራንዚስተርን ለዓለም አስገኙ። የሚግል ክር የማያስፈልገው፣ ትንሽና ቀዝቃዛ መሣሪያ ነበር። የሙቀት ችግር የተፈታ መሰለ። ነገር ግን አንድ ነገር ባነሰና በቀዘቀዘ ቍጥር በአንድ ቦታ ላይ የምናከማቸው ብዛቱ ይጨምራል። ጎርደን ሙር በ1965 በጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ፣ በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩ ክፍሎች በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆኑ ሲተነብይ ስለ ሙቀት የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍልም አኑሮበት ነበር። በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ክፍሎች ከአንድ ቺፕ ላይ የሚያወጡትን ሙቀት ማስወገድ ይቻል ይሆን ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ይቻላል ብሎ መለሰ። ስለ ሙር ሕግ ስንናገር ይህንን ጥያቄውን የምናነሣው ጥቂቶች ነን።

የሙርን ተስፋ በሒሳብ ያጸናው በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ነው። ትራንዚስተሩ ሲያንስ የሚሠራበት ቮልቴጅና ፍሰትም በዚያው ልክ እንዲያንስ ከተደረገ፣ በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ሙቀት አይጨምርም አሉ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ዓለም በዚህ ስሌት ኖረ። በየሁለት ዓመቱ የፈጠነ ኮምፒዩተር ስንገዛ የኖርነው በዴናርድ ቸርነት ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከሸፈ። ትራንዚስተሩ እጅግ ሲያንስ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ኤሌክትሪክ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ቮልቴጁንም ከዚያ በታች ማውረድ አልተቻለም። በ2004 ኢንቴል በሴኮንድ 4 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ፤ በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ አንጎሎችን ወደ ማስቀመጥም አቅጣጫውን አዞረ። ምክንያቱ ዕውቀት ማጣት አልነበረም። ሙቀቱን የሚያስወጡበት መንገድ ነው ያጡት።

በድህነት የተወለደው ቺፕ

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ኪሳችን የሚመጣበትን መታጠፊያ እናገኛለን። ኢንቴልን የገታው ግድግዳ ከመታየቱ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ በኬምብሪጅ ከተማ ኤኮርን የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነበር። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር በዚያ ኩባንያ አዲስ ፕሮሰሰር ይነድፉ ነበር። ኩባንያው ለቺፑ ውድ የሆነውን የሴራሚክ መያዣ መግዛት አልፈለገም፤ ርካሹን ፕላስቲክ ነው የፈለገው። ፕላስቲክ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ስለዚህ ቺፑ ከ1 ዋት በታች እንዲፈጅ ግድ ሆነ። ነዳፊዎቹ ከዚያ ልክ እንዳያልፉ ተጨንቀው ሠሩ።

በሚያዝያ 26 ቀን 1985 የመጀመሪያው ቺፕ መጥቶ ተሞከረ፤ በትክክልም ሠራ። ፈርበር የሚፈጀውን ኃይል ለመለካት ሲሞክር መለኪያው ዜሮ አሳየው። ለካስ የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም ነበር። ቺፑ በሌሎቹ የመረጃ መስመሮች በኩል ሾልኮ በገባች ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ይህ ቺፕ አርም ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ዘመናዊ ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በእርሱ ዝርያ ነው። የገንዘብ እጥረት ያስገደደው የሙቀት ቍጠባ፣ ባለቤቶቹ ያላሰቡትን የኪስ ዓለም ወለደ።

ስልክ ከብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚለየው ማራገቢያ የሌለው በመሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ሙቀት በስስ የመዳብ ወይም የግራፋይት ንጣፍ ተዘርግቶ ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ አየሩና ወደ መዳፋችን ይወጣል። አንዳንዶቹ ስልኮች ውስጣቸው ፈሳሽ የያዘ፣ ፈሳሹ ተንኖ ሙቀቱን ወደ ሌላ ጫፍ የሚያደርስ የሙቀት ቱቦ አላቸው፤ ይህን ቱቦ ጆርጅ ግሮቨር በ1960ዎቹ በሎስ አላሞስ የሠራው ለኑክሌርና ለጠፈር ሥራ ታስቦ ነበር። የሆነ ሆኖ ይህ ሁሉ የተቀመጠ አካል ያለ ማራገቢያ ሊያስወጣ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ ከዚያ በላይ ሲሠራ ሙቀቱ ይጠራቀማል፤ ስልኩም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ በመጨረሻም ይጠፋል።

በመተማ ያደረግሁትን አሁን እንመልከተው። ከቨሩ የሙቀቱን መውጫ ዘጋ። ፓወር ባንኩ ከውስጥ ሙቀት ጨመረ። ፀሐይዋ ከውጭ ጨመረች። ፕላስቲኩ ጠረጴዛ ደግሞ ጀርባው የሚወጣውን ሙቀት አልተቀበለውም፤ የኤኮርን ነዳፊዎች በ1985 ስለ ፕላስቲክ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም ነበር። ስልኩ መውጫ ያጣውን ሙቀት ይዞ እስከቻለ ቻለ።

ባትሪው

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አንዱ ሙቀት ነው። በስልክ ውስጥ ሁለተኛ ሙቀት አለ፤ እርሱ እንደ መጀመሪያው የዋህ አይደለም።

የዛሬው የሊቲየም ባትሪ የሦስት ሰዎች ስም ይነሣበታል። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም በኤክሶን ኩባንያ ዳግም የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ሠራ፤ በውስጡ የነበረው ንጹሕ የሊቲየም ብረት ግን እሳት ወዳድ ነበር። በ1980 ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ በኦክስፎርድ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድን አስገኙ። በ1985 ደግሞ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ አደገኛውን የሊቲየም ብረት በካርበን ተካው። በ2019 ሦስቱም የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተካፈሉ፤ ያን ጊዜ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

የዮሺኖ ሥራ ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ወደ 1989 መመለስ ይበቃል። ሞሊ ኢነርጂ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የሠራቸው የሊቲየም ብረት ባትሪዎች በጃፓን በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ይሠሩ ነበር። እሳት ተነሣባቸው፤ ኩባንያው ባትሪዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ከዚያ ስሕተት የተማረ ነበር። አደጋውን ግን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። በባትሪው ውስጥ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለያቸው ከፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑም የራሰው በሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ሽፋኑ ከተቀደደ ወይም ከቀለጠ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ መገናኘታቸው ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ኬሚካላዊ ለውጡን ያፋጥናል፣ የፈጠነው ለውጥ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ሰንሰለቱ አንዴ ከተጀመረ ስልኩን ማጥፋት አያቆመውም።

የዚህ ሰንሰለት ታሪክ ወደ እኛም ቤት ገብቷል። በጥር 2013 የቦይንግ 787 አውሮፕላኖች በሁለት የጃፓን አየር መንገዶች ላይ በደረሰ የባትሪ አደጋ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ። እገዳው ሲነሣ በሚያዝያ ወር ቀድሞ መንገደኛ ይዞ የበረረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር። በሐምሌ 12 ቀን ደግሞ በለንደን ሂትሮው ማንም ሳይኖርበት ቆሞ በነበረው የአየር መንገዱ 787፣ «ንግሥተ ሳባ» በተባለው አውሮፕላን ላይ፣ ከጭራው አካባቢ እሳት ተነሣ። የእንግሊዝ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት እንደገለጹት፣ መነሻው በአደጋ ጊዜ የአውሮፕላኑን ቦታ የሚያመለክተው መሣሪያ ባትሪ ነበር። የመሣሪያው ሽቦዎች በባትሪው ክዳን ሥር ተቀርቅረው ነበር፤ ከዚያ የተነሣ የኤሌክትሪክ መገናኘት ሰንሰለቱን ሳያስነሣው አልቀረም። ያ ባትሪ እንደ ስልክ ባትሪ ዳግም የሚሞላ አይደለም፤ የእሳቱ ጠባይ ግን ከአንድ ቤተሰብ ነው። አንዲት የተጨፈለቀች ሽቦ ምን ያህል አውሮፕላን እንደምታክል አስቡት።

ለስልክ የሚቀርበው ምሳሌ በ2016 የሆነው ነው። ሳምሰንግ በነሐሴ ለሽያጭ ያቀረበው ጋላክሲ ኖት 7 በየቦታው እሳት እያነሣ መጣ። ኩባንያው በመስከረም መጀመሪያ 2.5 ሚሊዮን ያህል ስልኮችን ሰበሰበ፤ በሌላ አምራች ባትሪ ተክቶ ሰጠ፤ ተተኪዎቹም ነደዱ። በጥቅምት ምርቱ ጨርሶ ቆመ። በጥር 2017 የወጣው ውጤት እንዳመለከተው የሁለቱ ባትሪዎች ጕድለት የተለያየ ነበር። በመጀመሪያው ላይ የባትሪው ጥግ ጠብቦ ኤሌክትሮዱን አጥፎታል፤ በሁለተኛው ላይ ብየዳው የተወው ስለት ሽፋኑን ወግቷል። በሁለቱም የተጣሰው ያ ከፀጉር የቀጠነ ድንበር ነው።

ከታሪኩ የሚወጣ ምክር

እንግዲህ ሁለቱን ሙቀቶች ለይተን እንወቃቸው። ካርታ ከፍቶ፣ ቪዲዮ እየቀዳ፣ ጨዋታ እየተጫወተ የሚሞቅ ስልክ ሥራ የበዛበት ስልክ ነው። ከቨሩን ማውለቅ፣ ከቻርጀሩ መንቀል፣ የከፈትነውን ከባድ ፕሮግራም መዝጋት፣ ጥላና ነፋስ ወዳለበት ቦታ ማዛወር ይበቃዋል። ምንም ሳይሠራ፣ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ የሚግል ስልክ ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም እንዳለ መመርመር፣ ካልተገኘም ወደ ጥገና ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ጀርባው ካበጠ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሣ፣ እንግዳ የሆነ ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ከሸተተ፣ ወድቆ ወይም ተጣሞ ከዚያ ወዲህ መጋል ከጀመረ፣ ነገሩ የባትሪው ነው። ቻርጅ አታድርጉት፤ ያበጠውን ለማስተንፈስ አትውጉት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቃችሁ ወደ ባለሙያ አድርሱት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የሾፌራችንንም ደግነት በዚህ መዝኑት። የጋለ ስልክ ድንገት በረዶ ላይ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን በሰርኪቱ ላይ ያዘንባል፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከፍሪጅ ወጥቶ እንደሚያልበው ማለት ነው። ስልኬን የገደለው የመተማ ፀሐይ አይደለም፤ ያ ላብ ነው። ራሱን አጥፍቶ ሳለ ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት ብንተወው ይነሣ ነበር።

አንድም ጸጥተኛ ጉዳት አለ። እሳት ባይነሣም ሙቀት ባትሪን ያስረጃል። ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 ሙቀት ሲጨምር ኬሚካላዊ ለውጥ በምን ሕግ እንደሚፈጥን አሳይቷል፤ በባትሪ ውስጥ የሚካሄደው እርጅናም ከዚያ ሕግ አያመልጥም። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በሙቀት ውስጥ የሚቈይ ባትሪ ከሁሉ ፈጥኖ ያረጃል። ሌሊቱን በትራስ ሥር ቻርጅ ላይ የሚያድር ስልክ፣ በመኪና መስታወት ሥር ቀኑን የሚውል ስልክ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ዕድሜው እየተቈረጠ ነው።

ሠላሳ ዐምስት ዲግሪ

ወደ ማጠቃለያዬ ስቃረብ አንድ ቍጥር ላነሣ እወዳለሁ። አፕልና ሳምሰንግ በመመሪያቸው ላይ ስልክ ይሠራበት ዘንድ የሚያመለክቱት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። በአፋር በዳሎል በ1960ዎቹ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። አማካይ ማለቴን አስተውሉ፤ ሌሊቱም ቀኑም፣ ቀዝቃዛው ወርም ሞቃቱም ተደምሮ ነው። እዚያ ቦታ የመመሪያው የላይኛው ድንበር መደበኛ ቀን ነው። በመተማ፣ በሑመራ፣ በጋምቤላና በሰመራ በሞቃቱ ወራት እኩለ ቀን ላይ ድንበሩ ይታለፋል። ለገልፍ አገሮች ሠራተኞቻችንም በጋ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ቍጥር ክፋት ያለበት አይመስለኝም። ኬሚስትሪው የወሰነውን ያህል የነዳፊዎቹ ምርጫም ወስኖታል፤ ብዙ ገዢ ባለበት ብዙ ጊዜ የማይታለፍ ልክ ነው። ነገር ግን አሁን በቆላው አገራችን ስልክ መነጋገሪያ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ይላክበታል፣ የእህል ዋጋ ይጠየቅበታል፣ የጤና ሠራተኛዋ መዝገቧን ትይዝበታለች። ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ደግሞ የአረጋውያን ድምፅ ማኅደር ሆኗል። ሙቀቱ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከኤኒያክ አዳራሽ ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረው ማሽኑ ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ራሱ ሞቃት ሲሆን ምን ይደረግ የሚለውን ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው ቢጠይቀው ይሻላል። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርእስ ካጣችሁ ይህን ውሰዱልኝ። የኤኮርን ሰዎችም የጀመሩት ባጡት ነገር ነውና።

ለታሪክ ተማሪዎቼ የምለው አጭር ነው። ወደ ቆላ ስትወርዱ ስልካችሁን ከከቨሩ አውጡት፤ ጥላ ስትመርጡ ጥላው ከአንድ ሰዓት በኋላ የት እንደሚሆን አስቡ፤ ቀረጻ ላይ ቻርጅ አታድርጉ፤ በየሩብ ሰዓቱ እየሠራ መሆኑን ተመልከቱ። ከሁሉም በላይ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ጻፉበትም።

በዚያ ቀን ስልኩን አንሥቼ ስደነግጥ ያዩኝ አዛውንት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይኸ ዕቃህ ከተኛ ቆይቷል። አይቼዋለሁ። እኔ የምነግረው ለአንተ ነው ብዬ ዝም አልሁ።» ከ34ኛው ደቂቃ በኋላ የነገሩኝን ከትዝታዬ ለመጻፍ ሞክሬአለሁ፤ ስምንት ገጽ ሆነ። የእርሳቸው ቃል የትኛው እንደሆነ፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ፣ አሁን እኔም አልለየውም።